የአባቴ መነጽር ሁለት ዓይነት ቁጥር ወጣለት፤ የቱን ልመን?

ጥያቄ፦

«የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። አባቴ 63 ዓመታቸው ሲሆን ደብረ ብርሃን ይኖራሉ። አምና አዲስ አበባ ተመርምረው መነጽር አሠርተዋል። ዘንድሮ እኔን ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ እዚህ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው ሌላ ማዘዣ ተጻፈላቸው። አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሳያቸው ደነገጥኩ።

የአዲስ አበባው፦ ቀኝ −2.25 −1.25 × 170፤ ግራ −1.75 −0.75 × 15፤ አድ +2.25፤ በመነጽር ቀኝ 6/6፣ ግራ 6/6።

የሜሪላንዱ፦ ቀኝ −3.50 +1.25 × 80፤ ግራ −3.50 +0.75 × 105፤ አድ +2.50፤ በመነጽር ቀኝ 20/20፣ ግራ 20/30።

አንዱም ከአንዱ አይገጥምም። አባቴ “ትክክሉ የፈረንጁ ማሽን ነው” ይላሉ። እናቴ ደግሞ በአንድ ዓመት ዓይናቸው እንዲህ ከወረደ ሊታወሩ ነው ብለው ያለቅሳሉ። አባቴም የአምናው መነጽር በግራ በኩል ጭጋግ ይዞታል እያሉ ደጋግመው ይወለውሉታል። እኔ የሁለቱን አማካይ ወስጄ በኢንተርኔት ላዝና በሰው ልልክ አስቤአለሁ። ፒ ዲ የሚባል ቁጥር ሙሊ ይለኛል፤ ወረቀቱ ላይ ግን የለም። የብዙ ሰው 63 ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እሱን ልሙላ? በተጨማሪም አባቴ ዳዊት ሲደግሙ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ታዲያ የማንበቢያ ጭማሪው ለምን ታዘዘ? ለጊዜውስ ከፋርማሲ የ+2.50 ማንበቢያ ገዝቼ ብልክላቸው?»

ልጃቸው፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ከሁሉ በፊት ለእናትዎ ስልክ ይደውሉላቸውና ያረጋጓቸው። የአባትዎ የቀኝ ዓይን ቁጥር ከአምናው ቅንጣት አልተለወጠም። ሁለቱ ባለሙያዎች በቀኙ በኩል የጻፉት አንድ ዓይነት ሌንስ ነው። ግራው ግን በእርግጥ ተለውጧል። ለውጡ ወረቀቱ ላይ ከሚመስለው ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ምክንያቱ መጠየቅ አለበት። ይህን ያልኩት ዓይናቸውን አይቼ አይደለም፤ እርስዎ ከላኩልኝ ቁጥሮች ብቻ ነው። እንዴት እንዳነበብኳቸው ላሳይዎት።

በእያንዳንዱ ዓይን ትይዩ መጀመሪያ የሚጻፈው ስፌር ይባላል። የሌንሱ ዋና ኃይል ነው፤ የሚለካውም በዳዮፕተር ነው። ዳዮፕተር ማለት 1ን ሌንሱ ብርሃን በሚሰበስብበት ርቀት፣ በሜትር፣ ሲያካፍሉት የሚገኘው ቁጥር ነው። 1 ዳዮፕተር ያለው ሌንስ ብርሃንን 1 ሜትር ላይ ይሰበስባል፤ 2 ዳዮፕተር ያለው ግማሽ ሜትር ላይ፣ 4 ዳዮፕተር ያለው 25 ሴንቲ ሜትር ላይ። ሞኖየ የተባለው ፈረንሳዊ የዓይን ሐኪም በ1872 ይህን መለኪያ ያቀረበው ሒሳቡ በመደመርና በመቀነስ እንዲሠራ ብሎ ነው፤ ከዚያ በፊት ሌንስ የሚቆጠረው ብርሃን በሚሰበስብበት ርቀት በኢንች ነበር። ማይነስ የተጻፈለት ሰው ሩቁ ይደበዝዝበታል፤ ፕላስ የተጻፈለት ደግሞ ይበልጥ የሚቸገረው በቅርቡ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለሚያስፈልገው ሌንስ ነው። የቀረውን ዕይታ በመቶኛ አይገልጽም፤ የዓይነ ስውርነት ደረጃም አይደለም። «ዓይኔ 3 ተኩል ደረሰ» ብለው እንደ ፍርድ የሚሰሙት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ትክክለኛውን መነጽር ሲያደርጉ እንደማንኛውም ሰው የሚያዩ ከሆነ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ሁለተኛው ቁጥር ሲሊንደር፣ ከማባዣው ምልክት ቀጥሎ ያለው ደግሞ አክሲስ ይባላል። ሁለቱ የሚጻፉት አስቲግማቲዝም ላለበት ዓይን ነው። የዓይን የፊት መስኮት የሆነው ኮርኒያ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ካልጎበጠ፣ የሚታዘዘውም ሌንስ ቀጥ ብለው በሚቋረጡ ሁለት አቅጣጫዎች ሁለት የተለያዩ ኃይሎች ሊኖሩት ይገባል። ስፌሩ በአክሲሱ አቅጣጫ ያለው ኃይል ነው። ሲሊንደሩ ከአክሲሱ 90 ዲግሪ ርቆ ባለው አቅጣጫ ላይ የሚጨመረው ወይም የሚቀነሰው ነው። አክሲስ ከ1 እስከ 180 የሚሄድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ትልቅ መሆኑ ምንም አያሳይም። የአባትዎ የቀኝ ዓይን 170 መሆኑ ከግራው 15 የባሰ አያደርገውም።

እንግዲህ የአዲስ አበባውን የቀኝ ዓይን ማዘዣ እንፍታው። በ170 አቅጣጫ −2.25 አለ። ከዚያ 90 ዲግሪ ሲርቁ፣ ማለትም በ80 አቅጣጫ፣ −1.25 ይታከልበትና −3.50 ይሆናል። የሜሪላንዱን ደግሞ እንፍታ። በ80 አቅጣጫ −3.50 ተነሥቷል። ከዚያ 90 ዲግሪ ርቆ በ170 አቅጣጫ +1.25 ሲታከልበት −2.25 ይሆናል። ሌንሱ ያው ነው። እርስዎ ሜሪላንድ ሆነው ከጠዋቱ 9 ሰዓት የሚሉትን የጠዋት ሰዓት ደብረ ብርሃን ያሉት ቤተሰቦችዎ በአገራቸው ጠዋት 3 ሰዓት ነው የሚሉት፤ መቁጠር የሚጀምሩበት ቦታ ይለያያል እንጂ ከሁለታችሁ የተሳሳተ የለም። የማዘዣውም ነገር እንዲሁ ነው።

ልዩነቱ የመጣው ከሙያ ልማድ ነው። በአሜሪካ ብዙ የዓይን ሐኪሞች ሲሊንደሩን በፕላስ ይጽፋሉ። ኦፕቶሜትሪስቶች፣ ማለትም ዕይታ ለክተው መነጽር የሚያዝዙ ባለሙያዎች፣ እና ሌንስ ሠሪዎች ደግሞ ሲሊንደሩ በአብዛኛው በሌንሱ የጀርባ ገጽ ላይ ስለሚቀረጽ ማይነስን መርጠዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመለወጥ መጀመሪያ ስፌሩንና ሲሊንደሩን ይደምሩ፤ ውጤቱ አዲሱ ስፌር ነው። ቀጥሎ የሲሊንደሩን መጠን ሳይነኩ ምልክቱን ብቻ ይቀይሩ። በመጨረሻ አክሲሱ 90 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 90 ይጨምሩበት፣ ከ90 በላይ ከሆነ 90 ይቀንሱለት።

በዚሁ መንገድ የሜሪላንዱን ግራ ዓይን እንለውጠው። −3.50 እና +0.75 ሲደመሩ −2.75 ይሰጣሉ። ሲሊንደሩ −0.75 ይሆናል። አክሲሱ 105 ሲቀነስ 90፣ 15 ነው። ስለዚህ −2.75 −0.75 × 15። የአምናው −1.75 −0.75 × 15 ነበር። አስቲግማቲዝሙና አቅጣጫው አልተነቃነቁም፤ ስፌሩ ብቻ 1 ሙሉ ዳዮፕተር ወደ ማይነስ ሄዷል።

እዚህ ላይ ለአባትዎ እንዲነግሩልኝ የምፈልገው አለ። አዲስ አበባ ላይ የመረመራቸው ባለሙያ ሥራ በቀኙ ዓይን ከሜሪላንዱ ጋር አንዲት ሩብ ዳዮፕተር እንኳ ሳይዛነፍ ገጥሟል፤ በግራውም ሲሊንደሩና አክሲሱ ያው ናቸው። ማሽኑ የሚሰጠው መነሻ ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ «ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው?» እያለ በትዕግሥት ሌንስ የሚለዋውጠው ሰው ነው ማዘዣውን የሚያጸናው። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሥራ አገራችን ውስጥ መሠራቱ ደስ ሊያሰኘን ይገባል።

የአማካዩን ሐሳብ ግን እባክዎ ይተዉት። በቀኙ ዓይን −1.25 እና +1.25 አማካያቸው ዜሮ ነው። አስቲግማቲዝሙ ከማዘዣው ላይ ይጠፋል፤ ከዓይናቸው ግን አይጠፋም። አክሲሱም 125 ይሆናል፤ ይህ ሁለቱም ባለሙያዎች ያላዩት አቅጣጫ ነው። ከአንዱ ወረቀት ስፌር፣ ከሌላው ሲሊንደር መውሰድም እኩል አደገኛ ነው። −3.50 −1.25 × 170 ብለው ቢያዝዙ ሌንሱ በሁሉም አቅጣጫ ከሚገባው በ1.25 ይበረታል። አንድ ማዘዣ እንዳለ ይወሰዳል ወይም እንዳለ ይተዋል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ወደ ግራው ዓይን ልመለስ። 6/6 እና 20/20 አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው በሜትር፣ ሁለተኛው በእግር ነው፤ 6 ሜትር 20 እግር ገደማ ነውና። ላይኛው ቁጥር አባትዎ ከሰሌዳው የቆሙበት ርቀት ነው። ታችኛው ጤነኛ ዓይን ያንኑ ፊደል ሊያነብበት የሚችለው ርቀት ነው። 20/30 ወደ ሜትር ሲመለስ 6/9 ይሆናል። እንግዲህ አምና ግራው በመነጽር 6/6 ያነብብ ነበር፤ ዘንድሮ ከቀድሞው የበረታ ሌንስ ተደርጎለትም የደረሰው 6/9 ነው። ሁለት ነገር በአንድ ዓይን ላይ አብሮ ተከስቷል፤ ማይነሱ ጨምሯል፣ በጣም የተሻለው ሌንስም እንኳ ወደ ቀድሞው መስመር አላደረሰውም። የሚወለውሉት ጭጋግም በዚያው በግራው በኩል ነው።

በ63 ዓመት ሰው ላይ እነዚህ ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዓይን ሞራ ነው። በዓይን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ መሐሉ እየጠጠረ ሲሄድ ብርሃንን ከቀድሞው አብልጦ ያጥፋል፤ ዓይኑም ወደ ማይነስ ይሳባል። አንዳንድ አረጋውያን እንዲያውም ያለ መነጽር ማንበብ ጀመርን ብለው ደስ የሚላቸው በዚህ ጊዜ ነው። የደም ስኳር ከፍና ዝቅ ማለትም ቁጥርን ይለዋውጣል፤ ግን እሱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ዓይኖች አብሮ ይነካል። እንዲሁም 1.75 እና 2.75 በአንድ አኃዝ ብቻ የሚለያዩ ስለሆኑ የመገልበጥ ስሕተት ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን የ6/9ን ነገር ይህ ብቻውን አያስረዳም።

ስለዚህ ወደ ሜሪላንዱ ሐኪም ቢሮ ይደውሉ። ሐኪሙ ውስጡን አይቶ ይሆናል፤ አባትዎም በቋንቋ ምክንያት ወይም እርስዎን ላለማሳሰብ ሳይነግሩዎት ቀርተው ይሆናል። መረጃውን ለእርስዎ ለመስጠት የአባትዎ ፊርማ ሊጠየቅ ስለሚችል የፈረሙበትን የፈቃድ ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልዎት ያድርጉ። በግራ ዓይን ላይ ሞራ ጀምሯል ወይ? የዓይናቸው የኋላ ክፍልና የዓይን ግፊታቸው ደኅና ነው ወይ? ቀዶ ሕክምና በቅርቡ ያስፈልጋል ወይ? ብለው ይጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ገንዘብዎን የሚመለከት ነው። የሞራ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ የደነገዘው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ስለሚገባ የመነጽሩ ቁጥር ፈጽሞ ይቀየራል። ቀዶ ሕክምናው ከጥቂት ወራት በኋላ ከሆነ ዛሬ ውድ መነጽር ማሠራት ብክነት ነው።

ለእናትዎ ሞራ የሚለውን ቃል ሲነግሯቸው በዚሁ ላይ ይጨምሩላቸው። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የዓይን ጥናት በኢትዮጵያ ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ ከሞራ እንደሚመጣ አሳይቷል። የሚያንገበግበውም ይህ በቀዶ ሕክምና የሚመለስ ዕይታ መሆኑ ነው። ሞራ የሚያሳውረው ሳይታከም ሲቀር ነው፤ የእርስዎ አባት ደግሞ ገና 6/9 የሚያነብቡ፣ ልጃቸው ወረቀታቸውን የምትመረምርላቸው ሰው ናቸው።

የዳዊቱ ነገር የሚያምር ሒሳብ ነው። የአስቲግማቲዝሙን ግማሽ ከስፌሩ ጋር ብንደምር የዓይናቸውን አጠቃላይ ኃይል በግምት እናገኛለን፤ ቀኙ −2.875፣ ግራው −3.125። አንድን ለእነዚህ ብናካፍል 35 እና 32 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። አባትዎ ያለ መነጽር አጥርተው የሚያዩት ርቀት ይህ ነው፤ ዳዊት የሚያዝበት ርቀትም በትክክል ይኸው ነው። የሩቁን መነጽር እንዳደረጉ ሲያነብቡ ግን ያ ዕድል ይወሰድባቸዋል፤ በእሳቸው ዕድሜ የዓይን ሌንስ በራሱ ኃይሉን መጨመር አይችልምና። አድ የሚለው ጭማሪ ያንን ለመመለስ ነው። +2.50 ማለት 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለን ጽሑፍ ማጥራት ነው። ላይኛው ለሩቅ፣ ታችኛው ለንባብ የሆነውን የባይፎካል መነጽር ታችኛ ክፍል ኃይል ለማግኘት ጭማሪውን ከስፌሩ ጋር ይደምሩት፤ በቀኝ −2.25 እና +2.50 ሲደመሩ +0.25 ይሆናሉ፣ በግራ ደግሞ −2.75 እና +2.50 ሲደመሩ −0.25። ከአስቲግማቲዝሙ በስተቀር ባዶ መስታወት ማለት ይቻላል። መነጽሩን ማውለቃቸው ሐኪሞቹ ካዘዙት ጋር አንድ ነገር ነው፤ ያውልቁ፣ ይድገሙ፣ ምንም አይጎዳቸውም። ጭማሪው ከ2.25 ወደ 2.50 ከፍ ማለቱም የንባብ ርቀትን ከ44 ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ማቅረብ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የፋርማሲውን +2.50 ማንበቢያ ለምን እንደማልመክር ይገባዎታል። ያ የተሠራው የሩቅ ዕይታው ያለ መነጽር ደኅና ለሆነ ሰው ነው። አባትዎ ባዶ ዓይናቸው ላይ ቢያደርጉት መጽሐፉን እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ድረስ፣ አፍንጫቸው ሥር ሊያስጠጉት ነው።

ፒ ዲ በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መሐል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ነው። 63 የአዋቂ ሰው አማካይ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ከ54 እስከ 74 ድረስ ያሉ ሰዎች አሉ። የሌንሱ መሐል ከብሌኑ ፊት ካልዋለ ሌንሱ እንደ ፕሪዝም ምስሉን ያዛውራል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የተዛነፈውን ሴንቲ ሜትር በሌንሱ ዳዮፕተር ማባዛት። የአባትዎ እውነተኛ ፒ ዲ 55 ሆኖ ሌንሱ በ63 ቢሠራ በእያንዳንዱ ዓይን 4 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 0.4 ሴንቲ ሜትር ይዛነፋል። በአግድም አቅጣጫ ያለው ኃይል በቀኝ ወደ 2.25፣ በግራ ወደ 2.75 ስለሆነ 0.9 እና 1.1፣ በድምሩ 2 የፕሪዝም ዳዮፕተር ይወጣል። ይህም 1 ሜትር ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የምስል መዛወር ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ በማይነስ ሌንስ ላይ ፒ ዲው ከሰፋ ዓይኖች ወደ ውጭ እንዲከፈቱ መገደዳቸው ነው፤ ዓይኖቻችን ወደ ውስጥ መሰብሰብ እንጂ ወደ ውጭ መከፈት እምብዛም አይችሉበትም። ራስ ምታቱና ብዥታው የሚመጣው ከዚህ ነው። በግምት አይሙሉት።

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ሐኪሙ ምርመራውን ሲጨርስ ማዘዣውን ሳይጠየቅ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ፒ ዲን እንዲጽፍ ግን አያስገድድም፤ ወረቀቱ ላይ ያጡት ለዚያ ነው። አሁን የሚለካው ሰው ደብረ ብርሃን ስላለ ሌንሱም እዚያው ወይም አዲስ አበባ ቢሠራ ይሻላል። በተለይ ባይፎካል ወይም ፕሮግረሲቭ (ከሩቅ ወደ ቅርብ ኃይሉ ያለ መስመር ቀስ በቀስ የሚለወጥ) ከሆነ የማንበቢያው ክፍል ከፍታ የሚለካው ፍሬሙ ፊታቸው ላይ ተቀምጦ ነው፤ ይህን ማንም በኢንተርኔት በሚገባ ሊሠራልዎት አይችልም። እርስዎ ጥሩ ፍሬምና የሌንሱን ገንዘብ ይላኩ። ለዚህ ቁጥር በጣም ቀጭን የሚባለው፣ ብርሃን የማጠፍ አቅሙ 1.74 የሆነው ሌንስ አያስፈልግም፤ ተራው 1.50 ይበቃል፣ መሰበር የሚያሰጋ ከሆነ ፖሊካርቦኔት ይበቃል። ለመነጽር ቤቱ የሚሰጠው ወረቀት ላይ የሜሪላንዱ ማዘዣ ፎቶ ኮፒ ይሁን፤ ከሥሩም በማይነስ የተለወጠው ይጻፍ፦ ቀኝ −2.25 −1.25 × 170፤ ግራ −2.75 −0.75 × 15፤ አድ +2.50። መነጽሩ ሲሠራ በሌንስ መለኪያው ላይ አስቀምጠው ከዚህ ጋር እንዲያመሳክሩት ይጠይቁ፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ነገር ነው።

ከማሠራታቸው በፊት ግን የግራው ዓይን ጥያቄ ይመለስ፤ የሐኪሙ ቢሮ መልስ ከዘገየ አዲስ አበባ ዳግመኛ ይታዩ፤ ሁለቱንም ማዘዣዎች ይዘው ይሂዱ። በመሐሉ ድንገት ብልጭታ ማየት ከጀመሩ፣ መጋረጃ የወረደ ዓይነት ጥላ ከመጣባቸው፣ ቀጥ ያለ መስመር ከተጣመመባቸው ወይም ዓይናቸው ቀልቶ ብርቱ ሕመም ከተሰማቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የአምናውን መነጽር እንዳይጥሉት ይንገሯቸው፤ የቀኙ ሌንስ ዛሬም ልክ ስለሆነ አዲሱ እስኪደርስ ድረስ ያገለግላቸዋል።